እናቶች የደወሉበት ሳምንት

ይድረስ ለእማዬ፤

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? የደም ግፊት መድኃኒቱን በየጠዋቱ ትውጪያለሽ ወይስ እንደ ልማድሽ ደህና ነኝ ብለሽ ለማንአልሞሽ አካፍለሻታል? ለማንኛውም ሳሚልኝ፤ ጎረቤት ካሉ አይቀር እንደ እሷ ነው። ጣሪያው ዘንድሮም አፈሰሰ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን አለን። የልጅ ልጅሽ በቁመት በልጣኛለች። በአማርኛ ስጠራት በእንግሊዝኛ ነው የምትመልስልኝ፤ ስቆጣት ግን አማርኛዋ እየሮጠ ይመጣል። እኔም ያው የከተማውን አውቶቡስ እነዳለሁ። ወገቤን ትንሽ ያመኛል እንጂ ሌላው ሰውነቴ ደህና ነው። ሆዴ ብቻ ነው ደህና ያልሆነው። ሆዴ ስልሽ ደግሞ በሽታ እንዳይመስልሽና ሱባኤ እንዳትገቢ። አስጠልቶኝ ነው እማዬ። ሰው አስጠልቶኝ ምግብ አልወርድልኝ አለ።

በየሳምንቱ በስልክ እያወራን ምን ደብዳቤ አስፈለገ ትይ ይሆናል። ያንን አዲስ ስልክ ማን እንደሰጠሽ አንቺም ታውቂያለሽ፣ እኔም አውቃለሁ። እነሱ በሰጡሽ ስልክ የእነሱኑ ጉድ ላወራሽ አልችልም። ስለዚህ ወረቀቱን ነጂባ ይዛልሽ ትመጣለች። ነጂባ የሥራ ባልደረባዬ ናት፤ እህቷን ልትጠይቅ ነው አገር ቤት የምትገባው። በእጅሽ ካልሆነ ለማንም እንዳትሰጥ በአላህ አስምዬ ነው የሰጠኋት። ፊደሌን ያገዘፍኩት መነጽር ማድረግ እንደማትወጂ ስለማውቅ ነው። የመሠረተ ትምህርት ሰርተፊኬትሽን ለጠየቀሽም ላልጠየቀሽም ስታሳዪ ኖረሻል፤ እንግዲህ ዛሬ ይጥቀምሽ፣ ማንንም ሳታስነብቢ ራስሽ አንብቢው።

ነገሩን ሳላዞር ልንገርሽ። በመጪው ሳምንት ሐሙስ ፍርድ ቤት እቆማለሁ። የኮሚዩኒቲያችንን ፕሬዚዳንት ክፍሌን ከሰነዋል፤ ከእኔ የተፈለገው ማስረጃ ደግሞ የአንቺ ድምፅ ነው። በማኅበሩ ምርጫ ሰሞን ስልኬ ላይ የተውሽው ድምፅ። ከሰጠሁ ሠፈርሽ ሲፈርስ ይሰጥሻል የተባለው ምትክ ቤት ሊከለከልሽ ይችላል። ካልሰጠሁ ደግሞ እዚህ ያለነው ሁላችንም ቤታችንን እናጣለን። እንቅልፍ የነሳኝ ይኼ ነው።

ቤታችን ስልሽ ቸሪ መንገድ ላይ ያለውን የኮሚዩኒቲውን ቤት ነው። ፎቶውን ልኬልሽ፣ ይኼ ምን ቤት ነው መጋዘን አይመስልም ወይ ብለሽ የሳቅሽበት። መጋዘን ይምሰል፤ ከእኛ በፊት በሱዳን በኩል አድርገው የመጡት ሰዎች ቢሮ እየጠረጉ፣ ሰሃን እያጠቡ፣ ከአፋቸው ነጥቀው የገዙት ቤት ነው። ለቅሶ የምንቀመጠው እዚያ ነው። ልጆቹ ቅዳሜ ቅዳሜ ፊደል የሚቆጥሩት፣ ሽማግሌዎቹ ዳማ እየተጫወቱ ሲሰዳደቡ የሚውሉት እዚያ ነው። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም፣ ከኤርትራ ወገን ሆኖ አዲስ አበባ ያደገውም፣ ትናንት በሎተሪ የመጣውም እዚያ ነው የሚገናኘው። ሠፈሩ ዛሬ ተወዶ ሰማይ ነክቷልና ቤቱ ላይ ዓይኑን ያልጣለ ሰው የለም።

ክፍሌ ደግሞ ሁለት ጊዜ ተመርጦ ሦስተኛውን ያማረው ሰው ነው። ሥራው ታክስ መሥራት ነው። ምላሱ ቅቤ ነው፤ አሮጊት ሲያይ ከወገቡ እጥፍ ይላል፣ ልጅ ሲያይ ጉንጭ ይስማል። የአንቺን ሠፈር አፍርሶ ፎቅ የሚሠራው ኩባንያ አለ አይደል? ከዚያ ኩባንያ ጋር እዚህ ሆኖ ይሞዳሞዳል። የፈለጉት ምን መሰለሽ? የኮሚዩኒቲው ቤት ለባንክ ተይዞ ብድር እንዲወጣበትና ገንዘቡ እነሱ ፎቅ ላይ እንዲፈስ። የዳያስፖራ ኢንቨስትመንት ይሉታል። ከክፍሌ ጋር የተወዳደረችው አዳነች የምትባል ነርስ ናት፤ እሷ ቤቱ አይነካም አለች። አብዛኛው ሰውም ከእሷ ጋር ነበር። እንዲህ ያለውን ነገር እንዴት ይገለብጡታል? እኔ አንድ ሺህ ዓመት ባስብ አይመጣልኝም ነበር።

እኛ ጋ አንድ ሰው አባል ሆኖ ሲመዘገብ፣ ብሞት አገር ቤት ለማን ይነገር ተብሎ ይጠየቃል። የእናቱን ወይም የወንድሙን ስልክ ይሰጣል። መርዶ በስልክ ዘጭ እንዳይደረግ ነው፤ መጀመሪያ ለጎረቤት ይነገርና፣ ሽማግሌ ተፈልጎ፣ ጠዋት ሄደው እንዲያረዷቸው። ያ ቁጥር የሚከፈተው ሰው ሲሞት ብቻ ነው። እኔም የአንቺን ያስመዘገብኩት ለዚያ ነው። ክፍሌ ያንን ሁሉ ቁጥር ጠራርጎ ለኩባንያው ላከው። የመርዷችንን ስልክ፣ እማዬ! የሬሳ ሣጥናችንን ክዳን ከፍቶ ካርታ ተጫወተበት ብልሽ አላጋነንኩም።

ከምርጫው በፊት ባለው ሳምንት እናቶች ደወሉ፤ ኩባንያው በስጦታና በተስፋ ይዞ ነው ያስደወላቸው። መጀመሪያ ማንም ለማንም ትንፍሽ አላለም። እናቴ ደውላ ክፍሌን ምረጥ አለችኝ ብሎ የሚያወራ ትልቅ ሰው የት አለ? ብቻ ሰው ሁሉ ፊቱ ጠቆረ። በገበያም በቤተ ክርስቲያንም ሰላምታው አጠረ። አብሮኝ የሚነዳ አማረ የሚባል ልጅ አለ፤ እናቱ ሞታለች። እናት የሌለውን እንኳ አልማሩትም፤ የክርስትና እናቱን ከደብረ ሲና ፈልገው አገኙለት። እሱ እንኳ መኖሯን ረስቶ ስልኳን ብቻ ያስመዘገባት ሴት፣ እያለቀሰች ክርስትና ያነሳሁበት እጄ ይፍረድ አለችው። ልጁ የምሩን ደነገጠ።

አንቺም ደወልሽ። እየነዳሁ ነበርና አላነሳሁትም፤ ድምፅሽን ተውሽልኝ። መጨረሻው ፌርማታ ላይ ቆሜ ሰማሁት። ክፍሌ የሚባለውን ሰውዬ ምረጪልኝ አልሽ። ምትክ ቤት ሊሰጡኝ ነው፣ ምድር ቤት ነው፣ ለጉልበቴ ደረጃ የለውም አልሽ። ይኼን ያህሉን ልቻለው። ከዚያ ግን ያጠባሁሽ ጡቴ ይፍረድ አልሽ! አንቺ ሴትዮ፣ እኔ ባሌን ልፈታ ስነሳ፣ አገር ምድሩ ሲለምነኝ፣ ያኔ እንኳ ጡትሽን አልጠራሽም። ለክፍሌ ጠራሽው?  ቀሪውን ሳልሰማ ዘግቼ ስልኩን ቦርሳዬ ውስጥ ወረወርኩት። ማታ ደውዬ እሺ ያልኩሽ አንቺን ላለማስቀየም ነው። የመረጥኩት አዳነችን ነው፤ ይኸው ነገርኩሽ።

እዚህ አገር ቴሌቪዥን ከከፈትሽ የምትሰሚው ስለ ውጭ አገር ጣልቃ ገብነት ነው። ባዕድ አገር በሌላው ምርጫ ውስጥ እጁን አስገባ፣ በኮምፒውተር ሰርስሮ ገባ፣ ውሸት ነዛ ይባላል። እኔ የውጭ እጅ ሲባል የሚታየኝ ጥቁር መነጽር ያደረገ ሰላይ ነበር። ለካ የእኛዋ የውጭ እጅ አንቺ ነሽ! አንቺና የአማረ የክርስትና እናት! ምን ኮምፒውተር መስበር ያስፈልጋል? እናት ደውላ እያለቀሰች ማን በሩን ይዘጋል?

በምርጫው ዕለት ሰው ለቅሶ እንደሚደርስ አንገቱን ደፍቶ እየገባ፣ ምልክቱን አድርጎ፣ ሻይ እንኳ ሳይጠጣ ወጣ። ክፍሌ አሸነፈ። ወር ሳይሞላው አዳራሹ ውስጥ ሰበሰበንና ቤቱን አስይዘን የምንበደርበት ሰነድ አልቋል፣ የቀረው ፊርማ ነው ብሎ አበሰረን። ያን ጊዜ ነው አማረ ከኋላ ብድግ ያለው። አቶ ክፍሌ ብሎ ጠራው፤ የክርስትና እናቴን ስልክ ከየት አመጡት? አለው። እኔ እሷን ያስመዘገብኩት ስሞት እንዲነገራት ነው፤ ሞቻለሁ እንዴ? አለው።  ከዚያ አንዷ የእኔም እናት ደውላለች አለች። ሌላው የእኔም አለ። አንዱ ግዙፍ ሰውዬ፣ ጭነት መኪና የሚነዳ፣ እናቴ በሕይወቷ ለምናኝ አታውቅም ብሎ ፊቱን በመዳፉ ሸፍኖ አለቀሰ።

ክፍሌ ምን ቢል ጥሩ ነው? አላፈረም። የማኅበሩ ደንብ ላይ ፕሬዚዳንት የሥራ ዘመኑ እስኪያልቅ አይከሰስም ይላል አለ። ይህ እኔ ያመጣሁት ነገር አይደለም አለ፤ በትልቁ አገር እንኳ በሥልጣን ላይ ያለ ፕሬዚዳንት ይከሰሳል አይከሰስም እያሉ ስንት የሕግ ሊቃውንት ይከራከራሉ፣ እናንተ ማን ሆናችሁ ነው አለን። ያ አንቀጽ ደግሞ የገባው ባለፈው ዘመኑ፣ ሰው ለምሳ ሲጣደፍ እጅ አስነስቶን ነው። ይቺ የመጋዘን ፕሬዚዳንትነት ራሱ ላይ ወጥታ ዙፋን ሆናበታለች! ልጄ አብራኝ ነበረች፤ መኪና ውስጥ ስንገባ ማም፣ ዛት ኢዝ ሶ ግሮስ አለችኝ። እሷ ይህን ቃል የምትለው ፍሪጅ ውስጥ የሻገተ ሽሮ ስታገኝ ነው። ቃሉ ልክ ነው አልኳት።

ክሱን የያዘችልን ሰሃርላ ናት፤ ሐረር ተወልዳ እዚህ ያደገች ጠበቃ። አማርኛዋ እንቅፋት እንደመታው ሰው ነው፤ ፋይል አድርገናል፣ ዳኛዋ ሪቪው ታደርገዋለች፣ ሶ አትጨነቂ ትለኛለች። ሥራዋን ግን ታውቃለች። የክፍሌ ጠበቃ ያንን አንቀጽ ይዞ ሲቀርብ ዳኛዋ፣ የማኅበራችሁ ደንብ የእኔን ችሎት በር አይዘጋም ብላ መለሰችለት። ፕሬዚዳንት መሆኑ ከመጠየቅ አያድነውም አለች። ነገር ግን ምርጫው ከውጭ ተቀነባብሮ በእሱ እጅ መበላሸቱን አሳዩኝ አለች። እናቴ ደወለች ማለት ብቻ ማስረጃ አይሆንም፤ እናት ለልጇ መደወል መብቷ ነው። ቁጥሩን የሰጠው ክፍሌ መሆኑን የሚያሳይ ነገር ያስፈልጋል። ሰሃርላ ሁላችንንም የእናቶቻችሁ መልእክት ያለው ሰው ያምጣ አለችን። ያለኝ እኔ ብቻ ሆንኩ። ሌላው ወይ ስልኩን አንስቶ በቀጥታ ያወራ ነው፣ ወይ አፍሮ ያጠፋው ነው።

ይህ ሲሰማ ሽማግሌ ተላከብኝ። አቶ ኪዳነ ወልድ ሁለት ሰው አስከትለው መጡ። ታውቂያቸዋለሽ፤ የልጄ ክርስትና ላይ የመረቁት ናቸው። ሳምቡሳዬን በሉ፣ ሻዬን ጠጡ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። የእናትን ድምፅ በፈረንጅ ፊት ማሰማት ነውር ነው ልጄ አሉኝ። የክፍሌ ዘመን ይለቅ፣ ያኔ እኛው በሽምግልና እንጨርሰዋለን፣ አጥፍቶም ከሆነ ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ ይላል አሉ። ዘመኑ እስኪያልቅ ቤቱ ይቆየናል ወይ አባባ? ብዬ ጠየቅኳቸው። እሱን እግዚአብሔር ያውቃል አሉ። ለእርስዎስ ማን ደወለልዎት? አልኳቸው።  ጎንደር ያለችው እህቴ አሉ፣ ወደ ምንጣፉ እያዩ። እሳቸውም እንደ ሌላው ተገደው የመረጡ ናቸው፤ የተገደደ ሰው ሌላውን ዝም ሊያሰኝ ሲላክ አየሽልኝ? ሽማግሌ እምቢ አይባልምና ላስብበት ብዬ ሸኘኋቸው። በሩን ዘግቼ እጄን ታጠብኩ፤ ምንም ሳልነካ ነው እኮ የታጠብኩት።

ክፍሌ ራሱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ኖርዝጌት ፌርማታ ላይ ተሳፋሪ ስጭን ሱፉን ለብሶ ብቅ አለና ከፊት ያለው የአዛውንቶች ወንበር ላይ ተቀመጠ። መጨረሻው ፌርማታ ድረስ አልወረደም። ሰው ሁሉ ሲወርድ ብድግ ብሎ አጠገቤ ቆመ። እናታችን እንዴት ናቸው? አለኝ። እናታችን! ጉልበታቸውን ያማቸዋል አይደል፣ ለዚያ ብለን እኮ ነው ምድር ቤቱን ያስያዝንላቸው፣ ነገር ካልተበላሸ በቅርቡ ቁልፍ ይቀበላሉ አለኝ። ነገር ካልተበላሸ የምትለዋን ቀስ አድርጎ ነው ያላት፣ እንደሚያባብል ሰው። ከዚያ ስልኩን አውጥቶ ፎቶሽን አሳየኝ። ነጠላሽን መስቀልያ አድርገሽ፣ የስልኩን ካርቶን በሁለት እጅሽ ይዘሽ፣ በሁለት የኩባንያው ጎረምሶች መሃል ቆመሻል። እኔ የሌለኝን የእናቴን ፎቶ እሱ ኪሱ ውስጥ ይዞ ይዞራል! ውረድ አልኩት። ምን አጠፋሁ ልጄ? አለ። ከአውቶቡሴ ውረድ አልኩት፣ አንተ እያልኩ፣ አቶም ሳልለው። ወረደ። ወንበሩን በመጥረጊያ ጨርቅ ጠረግኩት፤ ጨርቁንም ጣልኩት።

የመርዶውን ስልክ እንዳልኩሽ ለምርጫ አዋለው፤ አሁን ደግሞ እናቴን ለማስፈራሪያ አዋለብኝ። እሱ እኮ ዱላ አያነሳም፣ ጩኸት አያውቅም። ምድር ቤት ይሰጥሻል፣ ደህና ናቸው ወይ ይልሻል፤ አንቺ ደግሞ የሚያንቅሽ ገመድ ሐር ሆኖ ምን ብለሽ እንደምትጮሂ ይጠፋሻል። ክፉ ሰው አይቼ አውቃለሁ። እንዲህ ያለውን ልዝብ ክፉ ግን ሳየው ያንገሸግሸኛል።

እዚያው ቁጭ ብዬ፣ የእረፍት ሰዓቴ ነበር፣ ድምፅሽን እንደገና ከፈትኩት። ልስጠው ወይስ ላጥፋው የምለውን ነገር እስከ መጨረሻው ሰምቼው አላውቅም እኮ። ጡቴ ይፍረድ እስከሚለው ደርሼ ጥርሴን ነክሼ አለፍኩት። ደህና ሁኚ ልጄ አልሽ። እዚያ ላይ ያለቀ መስሎኝ ነበር፤ አላለቀም። ስልኩን አልዘጋሽውም።

የወንድ ድምፅ ይሰማል፤ ቀጣይዋ እናት ይዘጋጁ ይላል። ከዚያ የአንቺ ድምፅ መጣ። ልጄ፣ ስምህን ማን ነበር ያልከኝ? አልሽው። ጌዴዎን እባላለሁ እማማ አለሽ። ለየትኛው መሥሪያ ቤት ነው የምትሠራው? አልሽው። የኩባንያውን ስም ነገረሽ። ጮክ በል ልጄ፣ ጆሮዬ ደክሟል አልሽው። ታዛዥ ልጅ ነው፣ ጮክ ብሎ ደገመልሽ። የእኔን ስልክ ቁጥር ከየት አገኛችሁት? አልሽው። ሲያትል ያለው አቶ ክፍሌ ነው የሁላችሁንም የላከልን አለሽ። ማን አልከኝ? አልሽው። አቶ ክፍሌ፣ የኮሚዩኒቲው ፕሬዚዳንት ብሎ ጮኸ። እሱ ከተመረጠ ለእናንተ ምን ይበጃል? አልሽው። የእነሱ ቤት ተይዞ ብሩ ለፎቁ ይውላል፣ ቶሎ ይጠናቀቃል አለሽ። እግዜር ይስጥልኝ ልጄ፣ አሁን ገባኝ አልሽው። ከዚያ ስልኩ ጠቅ ብሎ ተዘጋ።

አውቶቡሱ ውስጥ ብቻዬን ቁጭ ብዬ ሦስቴ ሰማሁት።

እማዬ፣ እኔ ልጅ ሆኜ ጓዳ ገብቼ የስኳር ቆርቆሮ ስከፍት ከግቢው በር ሆነሽ የምትሰሚ ሴት ነበርሽ። ባለፈው እሑድ ስናወራ እንኳ ልጄ ከኋላዬ በሹክሹክታ የተናገረችውን ሰምተሽ፣ ምን አለች ብለሽ አፋጠጥሽኝ። ጆሮሽ መቼ እንደደከመ አልነገርሽኝም። አልጠይቅሽም። አንቺም እንዳትነግሪኝ፤ ምለሽ ብትነግሪኝም አልሰማሽም። የማላውቀውን ነገር ማንም አይጠይቀኝምና።

ድምፁን ዛሬ ጠዋት ለሰሃርላ ሰጠኋት። እስከ መጨረሻው ሰማችውና ኦ ማይ ጋድ ብላ ከወንበሯ ተነሳች። እናቴ የሰውን ወሬ ሁሉ እንዳልሰማች ሆና የምትለቅመውን አያቴን አስታወሰችኝ ብዬ ልነግራት አሰብኩና ምላሴን ነከስኩ። የክፍሌ ጠበቃ እኚህ ሴት ማን ናቸው፣ የሚያደርጉትን ያውቁ ነበር ወይ ማለቱ አይቀርም አለችኝ። ይበል። ሐሙስ እጄን አንስቼ እምላለሁ። ይህች ማን ናት ሲሉኝ እናቴ ናት እላለሁ። ታውቅ ነበር ወይ ሲሉኝ፣ እኔ የሰማሁት ጆሮዬ ደክሟል ስትል ነው እላለሁ። ውሸት የለበትም፤ ብለሻል። የሚፈረደው በጌዴዎን አፍ በወጣው ነው፤ አንቺ እዚያ ውስጥ ያልሰማሽ አሮጊት ብቻ ነሽ። ያልሰማችን አሮጊት ደግሞ ቤት የሚከለክላት ሰው ለምን እንደከለከላት ሊናገር አይችልም። ቢከለክሉሽም ግን እግዚአብሔር ያውቃል፣ ኪራዩ በእኔ ነው፤ ከማንአልሞሽ ሳትርቂ፣ ደረጃ የሌለው ክፍል ይፈለግልሻል። ለነጂባ ነግሬያታለሁ፤ እህቷ ሠፈሩን ታውቀዋለች።

እንግዲህ አንቺም ሥራ አለብሽ። ከዛሬ ጀምሮ ማንአልሞሽ በአጥር በኩል ስትጣራ በአንዴ አቤት እንዳትዪ። ይጩሁብሽ። ጤና ጣቢያ ሂጂና ጆሮዬ እምቢ አለኝ በያቸው፤ ሰልፍ ላይ ስትቀመጪ የሠፈሩ ሰው ይይሽ። ቤተ ክርስቲያን ከድምፅ ማጉያው አጠገብ ቁሚ። የኩባንያው ልጆች መጥተው ያን ዕለት ምን ብለሽ ነበር ቢሉሽ፣ ምን አልክ ልጄ? በያቸው፤ ደጋግመሽ፣ እስኪሰለቻቸው። እኔም በስልክ እጮህብሻለሁ። ልጄ ለምን ትጮሂያለሽ ብትለኝ አያትሽ አትሰማም እላታለሁ። አንቺ ደግሞ እሷ በሹክሹክታ ያለችውን እየሰማሽ መልስ እንዳትሰጪ፤ እዚያ ላይ ነው የምፈራሽ!

ይኼን ወረቀት አንብበሽ ስትጨርሺ ምድጃ ውስጥ ጨምሪው። ሰርተፊኬትሽ ሣጥን ውስጥ ለማስታወሻ እንዳታስቀምጪው፣ አውቅሻለሁ።

ተናድጄብሽ ነበር፤ ይቅር በይኝ። ጉልበትሽን ያጽናልኝ፣ ዕድሜሽን ያርዝምልኝ፣ ከክፉ ዓይን ከለስላሳ አፍ ይሰውርሽ። ጆሮሽን ደግሞ ለእኔ ብሎ ይጠብቅልኝ።

ልጅሽ፤ ከሲያትል